የአሮጌ መኪና ዋጋና የመድን ውል

በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዛሬም ድረስ የሚመላለሱትን ቮልስዋገኖች የተመለከተ ሰው፣ ለአንድ መኪና ዋጋ መስጠት የዕድሜውን ዓመታት እንደ መቁጠር ቀላል እንዳልሆነ ይገነዘባል። የዚህ ዓይነቱ ጀርባው የጎበጠ ቮልስ የመጨረሻው የተሠራው በሜክሲኮ አገር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከፋብሪካ የወጣው ቁጥር ከ21 ሚሊዮን በላይ ነው። ወደ አገራችን ከገቡት ውስጥ ግን ብዙዎቹ ከዚያ እጅግ የቀደሙ፣ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ዓመታት ሥራዎች ናቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደ ነበረ ይታወቃልና ይህች ትንሽ መኪና በታሪካችንም ውስጥ ስፍራ አላት። ከእርስዋም ጋር ፊያት ሴይቼንቶው፣ ፔጆ 404ቱ፣ አሮጌው ላንድሮቨርና ላዳው በአንድ ተራ ሊቆሙ ይችላሉ።

ጉዳዩን ዛሬ ያነሣንበት ምክንያት የገንዘብ ነው። የአሮጌ መኪና ባለቤት በመድን ውሉ ላይ ያስጻፈው ዋጋና መኪናው በገበያ የሚያወጣው ዋጋ እየተራራቁ ሄደዋል። ይህ መራራቅ በደኅናው ቀን አይታይም፤ አደጋ በደረሰ ማግስት ግን የካሣው ሒሳብ ሲሠራ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማረም አይቻልም።

መራራቁ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ያለፉትን ጥቂት ዓመታት መመልከት ይበቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ከውጭ በሚያስመጡ ሰዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ መኪናው ባረጀ መጠንም ታክሱ እንዲከብድ ተደረገ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጠ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ ቀድሞ የገባው መኪና ተተኪ ሲታጣለት፣ መለዋወጫውም በዶላር ሲገዛ፣ አሮጌው ዕቃ በእርጅናው ፋንታ ዋጋ ጨመረ። በዕቁብ ገንዘብ አንድ ላዳ የገዛው ወጣት ሠራተኛ፣ ወይም ከአባቱ ቮልስ የወረሰው ተማሪ፣ ሳያስበው ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ንብረት ባለቤት ሆኗል። የመድን ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ የዛሬ ሦስት ዓመት የተጻፈው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አስቀድመን እናንሣ። ብዙ ሰው «መኪናዬ ኢንሹራንስ አለው» ሲል የሚናገረው ቦሎ ለመለጠፍ ሲል ስለሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ይህ መድን በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ግዴታ ሆኖ የተደነገገ ሲሆን፣ ዓላማውም በመኪናው ምክንያት ሌላ ሰው ሲሞት፣ ሲቆስል ወይም ንብረቱ ሲጎዳ ለዚያ ለተጎዳው እንዲከፈል ነው። የባለቤቱ የገዛ መኪና ቢጨፈለቅ፣ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ከዚህ መድን አንዲት ሳንቲም አትመጣለትም። ለዚያ በፈቃድ የሚገባ ሌላ ውል ያስፈልጋል፤ የዛሬው ነገራችንም ስለዚህኛው ነው።

በፈቃድ ስለሚገባው መድን የሚናገረው ዋናው ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ማኅበሮችና ስለ ኪሣራ የሚናገሩት ክፍሎች ተተኩ እንጂ ስለ መድን የሚናገረው የቀድሞው ክፍል እንዳለ ቆይቷል። በዚህ ሕግ ውስጥ የዕቃ መድንን የሚመለከቱ ሁለት ደንቦች አሉ፤ የአሮጌ መኪና ባለቤት ሁለቱንም አጣምሮ ማንበብ አለበት።

አንደኛው ደንብ መድን የጉዳት ካሣ ነው፣ ትርፍ ማግኛ አይደለም የሚል ነው። የሚከፈለው ካሣ ዕቃው ጉዳት በደረሰበት ቀን ከሚያወጣው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ 600,000 ብር የሚያወጣ መኪና ይዞ፣ ለልቡ ቅርብ ስለ ሆነ ብቻ 1,000,000 ብር ያስጻፈ ሰው፣ በየዓመቱ የሚሊዮን አረቦን እየከፈለ በመጨረሻ የሚያገኘው የስድስት መቶ ሺሁን ነው። ፍቅር በመድን መዝገብ ላይ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ደንብ የበለጠ ሰው የሚጎዳበት ነው። በውሉ የተጻፈው ገንዘብ ከዕቃው እውነተኛ ዋጋ ያነሰ ሲሆን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለቤቱ ለጎደለው ያህል ራሱ የራሱ መድን ሰጪ እንደ ሆነ ይቈጠራል፤ ከጉዳቱም በዚያው መጠን ድርሻውን ይሸከማል። ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ መኪና በዛሬው ገበያ 800,000 ብር ያወጣል እንበል፤ ባለቤቱ ግን አረቦን ለመቆጠብ ወይም በቸልታ የድሮውን 400,000 ብር እንደ ተጻፈ ትቶታል። በአደጋ ፊቱ ተጎድቶ ለጥገና 120,000 ብር ቢጠየቅ፣ ባለቤቱ «ጉዳቱ ከአራት መቶ ሺህ በታች ነውና ሙሉውን እቀበላለሁ» ብሎ ያስባል። በሕጉ ሒሳብ ግን መኪናው የተደረገለት መድን የዋጋው እኩሌታ ስለ ሆነ የሚከፈለው 60,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ መድን ገቢው በውሉ መሠረት የሚሸከመው የመጀመሪያ ድርሻ ይቀነሳል። እስቲ ይህን ከወር ደመወዙ ጋር ያስተያየው።

ሦስተኛ መቀነሻም አለ፤ ይህ በብዙ የመድን ውሎች የተለመደ ነው። የአርባ ዓመት መኪና በአደጋ ምክንያት አዲስ ዕቃ ሲገጠምለት፣ አሮጌው በአዲስ ስለ ተተካ ባለቤቱ ተጠቅሟል ተብሎ ከዕቃው ዋጋ የእርጅና ቅናሽ ይደረጋል። ለሦስት ዓመት መኪና ቅናሹ ትንሽ ነው፤ ለቮልስ ግን ሊያስደነግጥ ይችላል። ውሉ ሲፈረም ይህች ዐረፍተ ነገር በትንንሽ ፊደል ታልፋለች።

ሌሎች አገሮች ችግሩን እንዴት እንደ ፈቱት መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት በትራቨርስ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ሐገርቲ የተባለው ድርጅት ሥራውን የጀመረው ለአሮጌ የእንጨት ጀልባዎች መድን በመስጠት ነበር፤ በኋላ ወደ ጥንታዊ መኪናዎች አለፈ። የዚህ ዓይነት ድርጅቶች ዋና ብልሃት ዋጋውን አስቀድሞ መስማማት ነው፤ ይኸውም ባለቤቱና መድን ሰጪው መኪናው ስንት እንደሚያወጣ በውሉ መጀመሪያ ተነጋግረው ይጽፉታል፤ መኪናው በሙሉ ቢጠፋ የተጻፈው ይከፈላል፤ ክርክር የለም። ነገር ግን በዚያው አገር ገበያ በስም የሚመሳሰል ሌላ ውል አለ፤ በእርሱ ባለቤቱ የፈለገውን ዋጋ ያስመዘግባል፣ መድን ሰጪው ግን ከተመዘገበውና ከገበያው ዋጋ ያነሰውን የመክፈል መብት ለራሱ ያስቀራል። ሁለቱ በአንዲት ቃል ብቻ ይለያያሉ፤ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን አሮጌ መኪና ቢገዙ ይህችን ቃል መመልከት አለባቸው። አሮጌ ማለት ርካሽ ማለት እንዳልሆነም በ2022 ዓ.ም. በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር አንድ የ1955 መርሰዲስ 300 ኤስ.ኤል.አር. በ135 ሚሊዮን ዩሮ መሸጡ አሳይቷል።

ይሁን እንጂ የውጭውን ሥርዓት እንዳለ ማምጣት አይቻልም። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን አንድን መኪና ታሪካዊ ለማለት ቢያንስ ሠላሳ ዓመት እንዲሞላው፣ የጥንት መልኩን ጠብቆ እንዲቆይና የዕለት ተዕለት መጓጓዣ እንዳይሆን ይጠይቃል። መድን ሰጪዎቹም በዚያው መንፈስ መኪናው በዓመት ጥቂት ብቻ እንዲነዳ፣ በተቆለፈ ጋራዥ እንዲያድር፣ ባለቤቱም ለዕለት ሥራው ሌላ መኪና እንዲኖረው ያስገድዳሉ። አረቦኑ የሚቀልለው በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ ከተማ ግን ቮልሱ ጧት ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ቀን መሥሪያ ቤት በር ላይ ይቆማል፣ ማታም ከግቢ አጥር ሥር ያድራል። ላዳውማ እንጀራ ነው። እንዲህ ላለው መኪና የእሑድ መኪና ውል አይስማማውም፤ የሚበደረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ዋጋን አስቀድሞ በጽሑፍ የመስማማት ልማድ ነው።

መድን ሰጪውም ሲያመነታ ያለ ምክንያት አይደለም። የአሮጌ መኪና ገበያ የዋጋ ዝርዝር የለውም፤ ሁለት አንድ ዓይነት ቮልሶች አንደኛው ሞተሩ ታድሶ፣ ወለሉ ሳይበላ ሲገኝ፣ ሌላው በቀለም ብቻ የተሸፈነ ዝገት ሊሆን ይችላል። መለዋወጫው ከሱማሌ ተራ ተፈልጎ ይገኛል ወይም አይገኝም፤ ካልተገኘ ከሌላ መኪና ይነቀላል። የእሳት ነገርም አለ፤ የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለ ሆነ ነጂው ፊት ለፊት አያየውም፤ ቤንዚን የሚያስተላልፈው የጎማ ቱቦ በእርጅና ሲሰነጠቅ በጋለው ሞተር ላይ ያንጠባጥባል። ቱቦውን በጊዜው መለወጥ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ወጪ ነው፤ ስንቱ ባለቤት ይህን ያደርጋል? መድን ሰጪው ይህን ሁሉ እያሰበ ነው አንዱን ደንበኛ የሚቀበለው፣ ሌላውን የሚመልሰው።

ስለዚህ የማሳመን ሥራው የባለቤቱ ነው። ሊብሬውን ብቻ ይዞ ከሚሄድ ይልቅ፣ በታወቀ ጋራዥ ያለ ባለሙያ መኪናውን መርምሮ የሰጠውን የዋጋ ግምት፣ ከአራቱም ጎን፣ ከውስጥና ከሞተሩ በኩል የተነሣ ፎቶግራፍ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ያለፉትን ዓመታት የጥገና ደረሰኞች አዘጋጅቶ ቢቀርብ የሚሰማው ያገኛል። ግምቱም እውነት መሆን አለበት፤ ከላይ እንዳልነው ሕጉ ከዋጋ በላይ ካሣ አይፈቅድምና የተጋነነ ግምት በሚጠይቁበት ቀን ይፈርሳል። ፎቶግራፉ አደጋው ከመድረሱ በፊት የተነሣ መሆኑ ነው ጥቅሙ፤ ከአደጋ በኋላ «እንዲህ ነበረ» ማለት ማንንም አያሳምንም።

አጠቃቀሙንም ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል። ለቤት አገልግሎት ተብሎ መድን የተገባለት መኪና ማታ ማታ ሰው የሚያመላልስበት ከሆነ፣ ወይም ለሠርግ አበባ ተደርጎለት የሚከራይ ከሆነ፣ ወይም ሞተሩ ተነቅሎ ሌላ ዓይነት ሞተር ከተገጠመለት፣ ይህ ሁሉ የአደጋውን መጠን ስለሚለውጥ መድን ሰጪው ማወቅ አለበት። ሕጉ ሆን ብሎ የደበቀን ወይም ሐሰት የተናገረን መድን ገቢ ውሉን እስከ ማሳጣት ይቀጣዋል። ጥቂት አረቦን ለማትረፍ ሲባል ዝም ማለት ከሁሉ የከፋው ቁጠባ ነው።

በአገራችን የመድን ሥራ ከቀድሞው የአቢሲኒያ ባንክ ውክልና ጀምሮ ረጅም መንገድ መጥቷል። በ1967 ዓ.ም. ድርጅቶቹ በመንግሥት ተወርሰው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻውን ቀርቶ ነበር፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ኩባንያዎች እንደ ገና ተፈቀዱ። ዛሬ መድን ፈላጊው አንድ መስኮት ብቻ አይጠብቀውም፤ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቆ ማነጻጸር ይችላል። ሲያነጻጽር ግን አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው «አረቦኑ ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ነው። ካሣው በምን ዋጋ ይሰላል፣ ዋጋው ቢያንስ ድርሻ ትቀንሳላችሁን፣ በአዲስ ዕቃ ላይ የእርጅና ቅናሹ ስንት ነው፣ መኪናው ከጥቅም ውጭ ቢሆን ቅሪቱን ለእኔ ትተውታላችሁን ብሎ የጠየቀና መልሱን በጽሑፍ የተቀበለ ሰው ርካሽ መስሎት ከገባበት ውል ይድናል። የመጨረሻው ጥያቄ ለአሮጌ መኪና ባለቤት በተለይ ያስፈልገዋል፤ ለሌላው ሰው ቁርጥራጭ ብረት የሆነው ቅሪት ለእርሱ ሊሠራው የሚችለው መኪና ነውና።

ሙሉውን መድን ለመክፈል አቅም ያነሰውስ? ለእርሱ የምንለው እውነተኛውን ዋጋ አስጽፎ የሽፋኑን ዓይነት ቢቀንስ ይሻለዋል ነው። ለምሳሌ ለቃጠሎና ለስርቆት ብቻ የሚሆን ውል ቢያገኝ፣ ለሁሉም ዓይነት ጉዳት ተብሎ በግማሽ ዋጋ ከተጻፈ ውል ይልቅ ይህኛው መኪናው በጠፋ ወይም በተቃጠለ ቀን በሙሉ ይቆምለታል። የፊት መብራት ቢሰበር ከኪሱ ይችላል፤ መኪናው በሙሉ ቢቃጠል ግን አይችልም።

አንድ ነገር ለባለሥልጣኖች እንተው። እነዚህ መኪናዎች ሁሉ ለዓመታዊ ምርመራ በየዓመቱ ይቀርባሉ፤ ፍሬናቸው፣ መብራታቸውና ሻንሲያቸው በመንግሥት ፈቃድ በሚሠሩ ጣቢያዎች ይታያል። ከዚያ የሚወጣው ወረቀት ዛሬ ቦሎ ከማስለጠፍ በላይ ብዙ ሲያገለግል አይታይም። የምርመራው ውጤት በዝርዝር ተጽፎ ለባለቤቱ ቢሰጥ፣ መድን ሰጪዎቹም ለዋጋ ስምምነት መነሻ አድርገው ቢቀበሉት፣ ያለ አዲስ ወጪ ለአሮጌዎቹ መኪናዎች የጎደለው ማስረጃ ይገኛል። የመድን ሥራን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ስለሆነ ሁለቱን ወገኖች አቀራርቦ ማነጋገር ለእርሱ የሚከብድ አይመስለንም።