ቀለበቱን የሚያጨሱ ጓደኞቻችን

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ሰሞኑን ሲጋር ይዘው ብቅ ማለት ጀምረዋል። ሲጋራ አላልንም፤ ሲጋር፣ ያ በፎቶግራፍ ላይ ከቼ ጉቬራ አፍ የማይጠፋው ወፍራሙ። ይያዙ፤ ማን ከለከላቸው? ያናደደን አመራረጣቸው ነው። የሚገዙት በጣም ወፍራሙን፣ በጣም ረጅሙን፣ የወረቀት ቀለበቱ ከሩቅ የሚያብለጨልጨውን ነው። ከዚያ እንደ ሲጋራ ምጥጥ፣ ወደ ሳንባ ሳብ! ትንሽ ቆይቶ ፊታቸው አመድ ይመስላል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል። «ጠንካራ ነው» ይሉናል። ኧረ ቸኩላችሁ ነው!

ለመሆኑ ቀለበቱ ምን ይነግራል? ስም ብቻ። ነገሩ ያለው ከሥሩ ነው፦ ውስጡን የሚሞላው ቅጠል፣ እሱን አቅፎ የሚይዘው፣ ከላይ የሚጠቀለለው ስስ ቅጠል። ጀማሪ ለዘብ ያለውን፣ አነስ ያለውን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚቆየውን ይውሰድ። በጣቱ ቀስ አድርጎ ይጫነው፤ ከተንኮሻኮሸ ደርቋልና ይመልሰው። ሲቆርጥ የጫፉን ቆብ ብቻ ይቁረጥ፤ አለዚያ መጠቅለያው ይተረተራል። ክብሪት ጭሮ፣ ጫፉን ከነበልባሉ ከፍ አድርጎ እያዞረ ያሙቀው። በደቂቃ አንዴ መሳብ ይበቃል፤ ጭሱን አፉ ውስጥ አጣጥሞ ይልቀቀው፣ አይዋጠው። የተቻኮሉበት ሲጋር ይግላል፤ ሲግል ይመራል። ሲበቃው መተርኮሻው ላይ ይተወው፣ ራሱ ይጠፋል።

አልዋጥንም ማለት ግን ዳንን ማለት አይደለም። ኒኮቲኑ በአፍ በኩልም ወደ ደም ይገባል፤ አንዳንዱ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትምባሆ አለው፤ የአፍና የጉሮሮ ካንሰርም ያመጣል። ፊደል ካስትሮ እንኳ በ1985 እ.ኤ.አ. ትተውታል። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ መሸጥን ስለሚከለክል፣ ፍሬሾች ከላይ ያለውን አንቀጽ ዝለሉት። (አንብባችሁታል፤ ምን ይደረግ።)

ዋናው ጠባችን ወዲህ ነው። በሀቫና የሲጋር ፋብሪካዎች ከ1865 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠራተኞቹ ከገዛ ደመወዛቸው እያዋጡ አንባቢ ያቆሙ ነበር። እጃቸው ቅጠል ሲጠቀልል ጆሯቸው ጋዜጣና ልብ ወለድ ይሰማል። የስፔን ቅኝ ገዥዎች በዓመቱ፣ በ1866፣ ከለከሉት፤ ምን እንደፈሩ መቼም አይጠፋንም። ንባቡ ግን ተመልሶ መጣ፤ ኩባ ውስጥ ዛሬም አለ። ሞንቴክሪስቶ የተባለው ሲጋር ስሙን ያገኘው ከአሌክሳንደር ዱማስ ልብ ወለድ ነው። ጠቅላዮቹ ሲነበብላቸው የወደዱት መጽሐፍ ነበር ይባላል።

ታዲያ ያንኑ ቀለበት አውልቆ ጣቱ ላይ ያጠለቀ አንድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ «ዱማስ ማነው?» ብንለው «የፋብሪካው ባለቤት መሰለኝ» አለን። በእጁ ጠቅልሎ የሚያድረው ሰው የሰማውን መጽሐፍ፣ ዲግሪ ልንይዝበት የመጣነው እኛ ስሙን እንኳ አላወቅነውም!

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለን። በሚመጣው ቅዳሜ ሲጋር ይዞ የሚመጣ ሰው ደጅ፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ መጽሐፍም ይዞ ይምጣ። ሲጋሩ እስኪያልቅ ከጓደኞቹ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብለት። አነስተኛውን ከመረጠ አንድ ምዕራፍ ይበቃል፤ ያን ግንድ የሚያህለውን ከያዘ ሁለት ያዳምጣል።