አሮጌውን ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። አሮጌ ኮምፒዩተር የያዘ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ መቀየሩ አይቀርም። እኔን የሚያሳስበኝ ፋይሉ ወደ አዲሱ ሲገለበጥ ኮፒው «አልቋል» ተብሎ አሮጌው በዚያው ዕለት ፎርማት መደረጉ ነው።

ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ምክር ነው፤ እንደ ወለጋ ላለ አካባቢ ግን ብቻውን አይበቃም። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት፣ በአብዛኛዎቹም ስልክ ተቋርጦ ነበር። ያኔ ነቀምት ወይም ደምቢ ዶሎ ላለ ሰው ፋይሉ ማለት እጁ ላይ ያለው ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ብቻ ነበር።

ፍላሽ ደግሞ ያታልላል። ኮምፒዩተሩ ጽፎ ሳይጨርስ መብራት ከሄደ ወይም ፍላሹ ከተነቀለ ስሙ የተመዘገበ፣ ይዘቱ ግን የጎደለ ፋይል ሊቀር ይችላል። 512 ጊጋባይት የሚል ተጽፎበት ውስጡ 32 ብቻ የሆነ የሐሰት ፍላሽም አለ፤ ሁሉን እንደተቀበለ ያሳያል፣ የፋይሎቹ ስም ተደርድሮ ይታያል፣ ሲከፈቱ ግን እንቢ ይላሉ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሾርትከት ነው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ከዴስክቶፕ ወደ ፍላሽ ገልብጦ ሊያሳትም ይሄዳል። ምልክቱ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አለች፤ መጠኑ 1 ወይም 2 ኪሎባይት ነው። የተገለበጠው ጽሑፉ ሳይሆን ጽሑፉ ያለበት አድራሻ ነው። ቫይረስ የገባበት ፍላሽም እንዲሁ እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ ሾርትከቱን ብቻ ያሳያል። ዋናው ፋይል አሮጌው ኮምፒዩተር ላይ እስካለ ድረስ ችግሩ ቀላል ነው፤ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ግን የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ደህናውን ተበላሸ ብለን የምናጠፋበትም ጊዜ አለ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ የአማርኛ ደብዳቤ፣ ፎንቱ ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ፎንቱ ሲጫን ይነበባል።

የነቀምት ገዥ የነበሩትን የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳን ዘመን የሚመለከቱ የአማርኛ ሰነዶች በወረቀት ተጠብቀው ስለቆዩ የታሪክ ተመራማሪዎቹ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ አሰናድተው ሊያሳትሟቸው ችለዋል። የዛሬው የቀበሌ መዝገብና የተማሪዎች ውጤት ግን ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ያለ ሊሆን ይችላል።

ቅጂውን ማረጋገጡ ከባድ አይደለም። በሁለቱም ኮምፒዩተሮች ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የፋይሎቹን ብዛትና መጠኑን እስከ መጨረሻዋ ባይት አስተያዩ። ዲስኩ ላይ የያዘው ቦታ ቢለያይ አያስጨንቅም። ከየፎልደሩ ጥቂት፣ በተለይ ትልልቆቹን ክፈቱ፤ ፍላሹን ነቅላችሁ፣ ከአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ። ለማይተካ ሰነድ ኤስኤችኤ 256 የሚባለውን፣ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አሻራ በሁለቱም በኩል አውጡ። ከ64ቱ ፊደልና ቁጥር አንዱ እንኳ ከተለየ ቅጂው ትክክል አይደለም፤ እንደገና ገልብጡ።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ይህ ሳይደረግ አሮጌውን ኮምፒዩተር ለማንም እንዳታስረክቡ አደራ እላለሁ።