ለማሽኑም መመሪያ ይጻፍለት

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል። መብራት ሳይሄድ ልጨርሰው።

ባለፈው 2017 ዓ.ም. መዝጊያ ላይ ለክበባችን ልጆች የምስክር ወረቀት ልናዘጋጅ ነበር። ሌላ ጊዜ እኔው ነኝ አንድ በአንድ የምሠራው። ያን ቀን ግን «ኤአይ ይሥራው» አልን። ዲዛይን ሶፍትዌር ውስጥ ገብቶ በራሱ የሚሠራ ኤጀንት የሚሉት አለ። የስም ዝርዝሩን ሰጠነውና «ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የሚሰጥ ምስክር ወረቀት ሥራ» አልነው። በደቂቃ ጨረሰው። ቀለሙም ጌጡም ያምራል። እኔም ቸኩዬ አሳተምኩት።

ስህተቱን ያዩት ልጆቹ ናቸው። «ቲቸር፣ አባቴን ነው እንዴ ያስመረቃችሁት?» አለኝ አንዱ። ለካ ኤጀንቱ የአባትን ስም እንደ ፈረንጅ ቆጥሮ «እንኳን ደስ አለህ» ያለው አባትየውን ነው! ቀኑን ደግሞ «ሰኔ 30 ቀን 2025 ዓ.ም.» ብሎ አርሞልናል። ወረቀቱ በእኔ ኪስ እንደገና ታተመ።

መጀመሪያ በማሽኑ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን እኔ መምህር ነኝ። ስቀር ለሚተካኝ ሰው «ዘጠነኛ ቢን ያዝልኝ» ብዬ ብቻ አልሄድም፤ የት ገጽ እንደደረስን፣ ምን እንደቀረ ጽፌ ነው የምሄደው። ለዚህኛው ግን አንድ መስመር ወርውሬለት ሄድኩ።

እኛ ሶፍትዌር የምንለምደው አይተን፣ ነካክተን፣ አጠገባችን ያለውን ጠይቀን ነው። ኤጀንት ግን በአብዛኛው የሚመራው በተጻፈለት ነገር ነው፦ የትእዛዙ ስም ማን ነው፣ ምን ይቀበላል፣ መለኪያው ሚሊሜትር ነው ፒክስል፣ ሲሳሳት ምን ይመልሳል። ያልተጻፈለትን ይገምታል፤ ግምቱ ደግሞ ብዙ ካነበበው ከፈረንጁ ልማድ ይመጣል።

ይህን ዓለም ገብቶታል። አንትሮፒክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ኤአይን ከሌሎች ሶፍትዌሮች ጋር የሚያገናኝ ኤምሲፒ የሚባል ክፍት አሠራር አወጣ፤ የዲዛይን ሶፍትዌሩ ፊግማም በ2025 በዚሁ መንገድ ለኤጀንቶች በሩን ከፈተ። እያንዳንዱ መሣሪያ ማሽኑ የሚያነበው የራሱ ማብራሪያ ይኖረዋል። ማብራሪያው ካረጀ ደግሞ ያሳስታል። ለምሳሌ በነፃው ኢንክስኬፕ ከ2020ው 1.0 ስሪት በፊት ቁመት የሚቆጠረው ከገጹ ታች ነበር፤ አሁን ከላይ ነው። የድሮውን መመሪያ ያነበበ ርእሱን እግርጌ ሊያስቀምጥ ይችላል።

ታዲያ የእኛን ነገር ማን ይጻፍለት? እኔ ዲፕሎማ ያለኝ መምህር እንጂ ኢንጂነር አይደለሁም። ቢሆንም ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን አንድ ገጽ ጻፍን፦

1. ሰውን በራሱ ስም ጥራ። የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም።
2. «ዓ.ም.» ያለበትን ቀን አትንካ። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በፈረንጁ 9 ነው።
3. ዩኒኮድ የሆነ የግዕዝ ፊደል ተጠቀም፣ ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። አለዚያ ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በድሮው አሠራር የተጻፈ ፋይል ሲከፈት ዝብርቅርቅ ካለ ቆመህ ጠይቅ።
4. በስም ውስጥ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሰ፣ ሠ፣ ጸ፣ ፀ አትለዋውጥ። ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ።
5. ሰው ሳያየው አይታተም።

ገጹን አስቀድመን ሰጥተን አሠራነው። ስሙም ቀኑም ልክ መጣ። አንድ ቦታ ላይ ግን አራት ነጥቡን በፈረንጅ ነጥብ ተክቶታል። ስድስተኛ ደንብ ጨመርን።

ይህን ያወራሁት አንድ የድሮ ተማሪዬ በዲዛይን ሥራ ነው የሚተዳደረው። «ቲቸር፣ እንጀራዬን ራሴ ጽፌ ለማሽን ላስረክብ?» አለኝ። ጥያቄው እውነት ነው፤ ሳቄ አልመጣም። ሥራህ አይነካም ብዬ ልዋሸውም አልፈልግም። ግን ባንጽፍለትም ማሽኑ ሥራውን አይተውም፤ የእኛን ስምና ቀን እያበላሸ ይቀጥላል እንጂ። ደግሞ ሌላ ነገር አይቻለሁ። የቀኑን ደንብ የጻፈችው ልጅ ልዩነቱ ለምን አንዴ 7 አንዴ 8 ዓመት እንደሚሆን ጠይቃ፣ ቆጥራ፣ የእነሱ ዓመት በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ስለሚለወጥ መሆኑን ራሷ ደረሰችበት። እኔ በሰሌዳ ነግሬያት ቢሆን ትረሳው ነበር። ደንብ መጻፍ የቻለ ልጅ ማሽኑ ሲሳሳት የሚይዘው እሱ ነው፤ ደንበኛም የሚፈልገው ያንን ሰው ይመስለኛል።

ስለዚህ ማተሚያ ቤትና ዲዛይን ላይ ያላችሁ ልጆቼ፣ ኤአይ በአማርኛ ሥራ ላይ ያበላሸባችሁን አንድ ነገር እና ትክክሉን በሁለት መስመር ጻፉልኝ። እኔ አሰባስቤ ገጹን ለሁላችሁም እመልሰዋለሁ። አባቱ የተመረቀበት ልጅም ሰላም ብሏችኋል፤ የተበላሸውን ወረቀት ግን አልመለሰልኝም፣ አባቱ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል አሉ።

ሰላም ሁኑልኝ፣ ከቀየት።