ቅላጼ ስሕተት ነውን?

በሮቤና በጎባ፣ በጠቅላላውም በባሌ ደጋ፣ አብዛኛው ሕዝብ አፉን የሚፈታው በኦሮምኛ ነው። አማርኛን የሚለምደው ዘግየት ብሎ በትምህርት ቤት፣ በገበያና በሥራ ቦታ ነው። ሰዋስውን ጠንቅቆ የሚያውቅና የአዲስ አበባን አነጋገር የተከተለ ሰው እንኳ ሲናገር የትውልድ አካባቢው ቅላጼ ይሰማል። ይህን ሰምቶ የሚሥቅ ተማሪ አይጠፋም። እኔ ግን የሚታረመው ቅላጼው ሳይሆን ሣቁ ነው እላለሁ።

ቅላጼ በቀላሉ የማይለቀው ለምንድን ነው? የሰው ጆሮና ምላስ የሚገሩት ገና በሕፃንነት በሚሰማው ቋንቋ ነው። አማርኛ ሰባት አናባቢዎች አሉት። ኦሮምኛ አምስት ሲኖሩት፣ እያንዳንዳቸው አጭርና ረጅም ይሆናሉ። የአማርኛ የግዕዝና የሳድስ አናባቢዎች ግን በኦሮምኛ የሉም፤ «ጸ»ም እንዲሁ። ስለዚህ ተናጋሪው በቅርብ በሚያውቀው ድምፅ ይተካቸዋል፤ «ጸ»ን ብዙውን ጊዜ «ጠ» ያደርገዋል። አዲስ ቃል በጥናት ይገኛል፤ በልጅነት የተቀረጸ ድምፅ ግን ከጕልምስና በኋላ ለመለወጥ አዳጋች ነው።

ይህ በአንድ ወገን ብቻ የሚታይ አይደለም። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ኦሮምኛ ሲናገር ረጅሙን አናባቢ ስለሚያሳጥር፣ «ለስላሳ» ለማለት አስቦ «መሬት» የሚል ቃል ይወጣዋል። በሸዋም «ጸሎት»ን «ጠሎት» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ነው። ታዲያ ያው ድምፅ በሸዋ ልማድ፣ በባሌ ጕድለት የሚባለው በምን ሚዛን ነው?

ሰውን በቅላጼው መፈረጅ የቆየ ክፋት ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 እንደ ተተረከው፣ አንዲት ቃል በትክክል መጥራት ያቃታቸው የኤፍሬም ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ተገድለዋል።

ይህን ስል አጠራር ከቶ አይታረም ማለቴ አይደለም። «በላ» ለማለት «ባላ» ቢባል ትርጉሙ ይፋለሳልና መምህሩ ሊያርም ይገባል። ነገር ግን እርማት ሌላ፣ ማላገጥ ሌላ ነው። በመምህርነት ሳለሁ፣ አንድ ጊዜ ስለ ተሣቀበት ብቻ መልሱን እያወቀ ዳግመኛ እጁን ያላነሣ ተማሪ አይቻለሁ። ያ ተማሪ ያጣው አማርኛን የሚለማመድበትን ዕድል ነው። እንግዲህ ባልንጀራችን ሲናገር በመጀመሪያ ልናዳምጥ የሚገባን የሚለውን ነገር ነው።