የጥንቷ መናገሻ ሺያን፦ የባቡር መስመሩና የውኃው ጥያቄ

የቻይና መንግሥት በግንቦት 2023 እ.አ.አ የካዛኪስታን፣ የኪርጊስታን፣ የታጂኪስታን፣ የቱርክሜኒስታን እና የኡዝቤኪስታን መሪዎችን ለጉባኤ ሲጠራ የተቀበላቸው በቤጂንግ ሳይሆን በሺያን ነበር። ምርጫው በራሱ መልእክት ነው። በቀድሞ ስሟ ቻንግአን የምትባለው ይህች ከተማ የታንግ ነገሥታት መናገሻ፣ ሐር ተጭኖ ወደ ምዕራብ የሚሄድበት የንግድ ጎዳናም መነሻ ነበረች።

ይሁን እንጂ የከተማዋን የዛሬ ጉዳይ ለመረዳት ከሐሩ ይልቅ እርሻውን መመልከት ይጠቅማል። ሺያን የተቆረቆረችው በዌይ ወንዝ ሜዳ ላይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ246 ዓመት ዤንግ ጉዎ የተባለ መሐንዲስ በዚህ ሜዳ ለቺን መንግሥት ታላቅ የመስኖ ቦይ መሥራት ጀመረ። የላከው ባላንጣ የሆነ ጎረቤት መንግሥት ነበር፤ ዓላማውም ቺን ጉልበቷን በቁፋሮ ጨርሳ ጦር መላክ እንዲያቅታት ነው። ሴራው ቢደረስበትም ሥራው አልተቋረጠም። ቦዩ ሲያልቅ ጨዋማው መሬት እህል ሰጠ፤ ቺንም ሠራዊቷን እየቀለበች ቻይናን አንድ አደረገች።

ሜዳው ግን ልክ ነበረው። በታንግ ዘመን የከተማዋ ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን ሲጠጋ የአካባቢው ምርት አልበቃ አለ። ከምሥራቅ የሚመጣውን እህል በቢጫው ወንዝ ገደላማ መተላለፊያ ማሳለፍም አዳጋች ነበር። ስለዚህ ነገሥታቱ በችግር ዓመት መኳንንቶቻቸውን አስከትለው እህል ወደሚገኝባት ሉዎያንግ ይወርዱ ነበር። በ904 እ.አ.አ አንድ የጦር አለቃ ቤቶቿን አስፈርሶ እንጨቱን በወንዝ ካስወሰደ በኋላ ሺያን የመላ ቻይና መናገሻ ሆና አልተመለሰችም።

ዛሬ ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አላት። ባሕር የላትም፤ ያላት ደረቅ ወደብ ነው። በ2013 እ.አ.አ መጨረሻ የመጀመሪያው የጭነት ባቡር ወደ አልማቲ ከተነሣ ወዲህ አገልግሎቱ አውሮፓ ደርሷል። ካዛኪስታንም በ2024 በዚያ የራሷን የጭነት ማዕከል ከፍታለች፤ ወደብ አልባ ለሆነ ሀገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአንጻሩ በመርከብ የሚጓዝ ኮንቴይነር ዋጋው በባቡር ከሚጓዘው ይረክሳል፤ የቻይና የአካባቢ አስተዳደሮችም ባቡሮቹን በድጎማ ሲደግፉ ቆይተዋል።

ከድጎማው የሚከብደው ግን የውኃው ነገር ነው። ዛሬ ቱሪስት የሚጎርፍለት የሸክላ ሠራዊት እንኳ በ1974 እ.አ.አ የተገኘው ገበሬዎች የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ነበር። የዌይ ወንዝ ለከተማው፣ ለፋብሪካውና ለማሳው ሁሉ አይበቃም። በመሆኑም በቺንሊንግ ተራሮች ሥር 98 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ተቆፍሮ ከደቡብ በኩል የሃንጂያንግ ወንዝ ውኃ ተሻግሯል። ሺያን የደረሰውም በሐምሌ 2023 እ.አ.አ፣ ከጉባኤው ሁለት ወር በኋላ ነው።

ይህ ወንዝ ግን ሌላም ባለድርሻ አለው። ወደ ታች ሲወርድ ዳንጂያንግኮው ግድብ ይገባል፤ ቤጂንግም የምትጠጣው ከዚያ ነው። ከግድቡ በታች ያሉ የሁቤይ ገበሬዎችም ማሳቸውን የሚያጠጡት በዚሁ ወንዝ ነው። ዝናብ ባጠረ ዓመት ከላይ የተቀዳው ከታች መጉደሉ አይቀርም። መንግሥት ይህን ለማካካስ ከያንግዚ ወንዝ ውኃ ወደ ሃንጂያንግ የሚያመጣ ሌላ ዋሻ በ2022 እ.አ.አ ማስቆፈር ጀምሯል፤ ርዝመቱም ከሺያኑ ዋሻ በእጥፍ ገደማ ይበልጣል።