የሞት ቅጣት መቅረት አለበት እላለሁ

ባለፈው እሁድ ለወር መዋጮ ስንሰበሰብ የተነሳውን ክርክር ያልነበራችሁም ሰምታችሁት ይሆናል። ሳውዲ ውስጥ ስለሚገደሉት ልጆች ወሬ ሲነሳ አንዷ እህታችን፣ «የሰው ነፍስ ያጠፋ ነፍሱ ትጥፋ፤ ምን ያስለቅሳል?» አለች። ሌላዋ እህቷ ሪያድ ነች፤ ምንም ሳትናገር ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እኔ ሰብሳቢ ሆኜ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ሳምንቱን ሙሉ ሲቆጨኝ ስለሰነበተ የዚህን ወር ርዕሰ አንቀጽ ለዚሁ ጉዳይ አድርጌዋለሁ። የሞት ቅጣት መቅረት አለበት ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ ግን ያቺ እህታችን ከክፋት ተነስታ እንዳልተናገረች አውቃለሁ። እኛ የሰው ልጅ አጥበን፣ አብልተን፣ አስተኝተን የምናድር ሰዎች ነን። ሕፃን በሠራተኛ እጅ ሞተ ሲባል የእናቲቱ ጩኸት ቶሎ ይሰማናል። በአገራችንም ደም ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በድሮው ፍርድ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ ከፈለጉ ይገድሉታል፣ ከፈለጉም የደም ካሳ ተቀብለው ይምሩታል። ዛሬ በዚህ አካባቢ ቂሳስና ዲያ የሚባለው ነገር ለአያቶቻችን እንግዳ አይሆንባቸውም ነበር። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም የሞት ቅጣትን አላነሳም። ያለንበት ሊባኖስም ሕጉ አለ፤ ከ2004 መጀመሪያ ወዲህ ግን ተፈጽሞ አያውቅም። ስለዚህ «እነሱ ጨካኝ፣ እኛ ደግ» ብዬ አልጀምርም።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ፍርዱ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? ምን ያህልስ ተጣርቶ ነው?

የሪዛና ናፊክን ታሪክ የቆያችሁት ታስታውሱታላችሁ። የስሪላንካ ልጅ ነበረች። በ2005 ዕድሜዋን ከፍ ባደረገ ፓስፖርት ሳውዲ ገባች፤ የልደት ወረቀቷ ግን 17 ዓመቷ እንደነበር ይናገራል። ሥራ በጀመረች በሳምንታት ውስጥ የ4 ወር ሕፃን በእጇ ሞተ። እሷ ጡጦ ሳጠጣው ትን ብሎት ነው አለች፤ ቤተሰቡ አንቃ ገደለችው አለ። ፖሊስ ቃሏን ሲቀበል ጠበቃ አልነበራትም፤ ያስተረጎመላትም ሰው ለዚያ ሥራ የሚበቃ አልነበረም። ኋላ «ቃሉን የሰጠሁት ተገድጄ ነው» ብትልም በ2007 ሞት ተፈረደባት። መንግሥቷ ለመነ፣ የዓለም ሰው ለመነ፣ የሕፃኑ ወላጆች ግን አልማሩም። ጃንዋሪ 9 ቀን 2013 አንገቷን በሰይፍ ተቀላች።

እስቲ የራሳችሁን የመጀመሪያ ወር አስቡት። እኔ ስመጣ ከአረብኛ የማውቀው ሁለት ቃል ነበር። ማዳም ኩባያ አምጪ ስትለኝ መጥረጊያ ይዤ እመጣ ነበር። በዚያ ወር ፖሊስ ጣቢያ ብገባና ወረቀት አቅርበው «ፈርሚ» ቢሉኝ እፈርም ነበር። ምን ላይ እንደፈረምኩ ግን አላውቅም። ወረቀቱ የእስራት ከሆነ በዓመቱም ይሁን በአምስት ዓመቱ እውነቱ ሲወጣ በሩ ይከፈታል። የሞት ከሆነስ? እውነቱ ቢወጣ ለማን ይነገራል?

ፍርድ እንደሚሳሳት ደግሞ እናውቃለን። በ2015 ኤምሬትስ ውስጥ አንዲት ፊሊፒናዊት አሰሪዋን ገድላለች ተብላ ሞት ተፈረደባት። እሷ «ሊደፍረኝ ሲል ራሴን ተከላክዬ ነው» አለች። ይግባኝ ተባለላት፣ ጠበቃ ተከራከረላት፤ በ2017 ከግድያው ክስ ነፃ ወጣች። ያተረፋት ጊዜ ማግኘቷና የሚከራከርላት ሰው መኖሩ ነው።

ገንዘብም አለ። ሳቲናህ የተባለች ኢንዶኔዥያዊት ሳውዲ ውስጥ አሰሪዋን ገድላ ሞት ተፈርዶባት ነበር። በ2014 ለሟች ቤተሰብ 7 ሚሊዮን ሪያል ዲያ ተከፍሎ ሕይወቷ ተረፈ፤ መንግሥቷም ሕዝቡም አዋጡላት። ሌላዋ ኢንዶኔዥያዊት ግን፣ አሰሪዬ ሊደፍረኝ ይሞክር ነበር ያለችው፣ በ2018 ለመንግሥቷ እንኳ ሳይነገር ተገደለች። ዲያን አልነቅፍም፤ ነፍስ ያተረፈ መንገድ ሁሉ ይባረክ። ግን እስቲ እናስላው። በወር 1000 ሪያል የምታገኝ ሴት ሳትበላ፣ ሳትለብስ፣ ለቤተሰብም ሳትልክ 7 ሚሊዮን ለመሙላት 583 ዓመት መሥራት አለባት። ሀብታም ዘመድ ወይም የሚቆምላት መንግሥት የሌላት ሴት ምን ታድርግ?

«ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው» የሚሉ አሉ። ጃንዋሪ 25 ቀን 2017 ኩዌት ሰባት ሰዎችን ስትሰቅል አንዱ ከገዢው ቤተሰብ የተወለደ ልዑል ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከሰባቱ ውስጥ ግን አንዲት ኢትዮጵያዊትና አንዲት ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኞችም ነበሩ። በ2022 እንደገና ሰባት ሰው ሲሰቀል አንዷ ኢትዮጵያዊት ነበረች። ልዑሉ ዳኛው የሚናገረውን ያለ አስተርጓሚ ይሰማል፤ ዘመዶቹ እዚያው ከተማ አሉ። የእኛዋ እናት ደግሞ ልጇ መታሰሯን የምትሰማው ምናልባት በሰው በሰው ነው። መጨረሻው ለሁለቱም አንድ ቢሆን እዚያ የደረሱበት መንገድ አንድ ነው ማለት አይቻልም።

«የሰው ነፍስ ያጠፋ» የሚለውም ሁሉንም አይገልጽም። ሳውዲ በዕፅ ክስ መግደልን በ2022 መጨረሻ እንደገና ጀምራለች። ከዚያ ወዲህ በሐሺሽ ከተገደሉት ውስጥ የአገራችን ልጆች አሉ። እነዚህ ነፍስ አጥፍታችኋል አልተባሉም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደሚለው ሳውዲ በ2024 ብቻ ቢያንስ 345 ሰዎችን በሞት ቀጥታለች።

«የሟች እናትስ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው። ገዳይ ይለቀቅ አላልኩም። ይታሰር፤ ጥፋቱ ከከበደ ዕድሜ ልኩን ይታሰር። በቀይ ሽብር ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች ባሉባት አገራችን እንኳ ሞት የተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣት በ2011 ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጧል። የሃይማኖት አባቶች ገብተው ለምነው ነበር። የተከፋ ሰው ነበረ፣ አውቃለሁ። በመግደል ግን ከሞቱት አንዱም አይመለስም ነበር።

የዚህን አካባቢ ሕግ እኛ አንቀይረውም። በእጃችን ያለውን ግን እናድርግ። ማንበብ በማትችሉት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ፖሊስ ጣቢያ ከገባችሁ፣ የገበያ አረብኛ ብትችሉም «ሙተርጂም» በሉ። ቆንስላችን እንዲነገረው ጠይቁ፤ በ1963ቱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት መብታችሁ ነው። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ስም ወይም ዕድሜ ከእውነተኛው የተለየ ከሆነ እውነተኛውን የምታምኗት እህት ትያዘው። ድብደባው፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ደመወዝ መከልከሉ ሲበዛባችሁ ጭንቅላታችሁ እስኪዞር አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ ደውሉ። እህታችን ተያዘች ስትባል ደግሞ በዚያው ቀን እንንቀሳቀስ፤ ከተፈረደባት በኋላ ማልቀስ አይጠቅማትም።

ለፊታችን እሁድ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ከየወር መዋጯችን ላይ እያንዳንዳችን 1 ዶላር ለአስተርጓሚና ለጠበቃ መነሻ እንዲቀመጥ። ትንሽ ነው፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ቀን ይሆናል። ድምፅ እንሰጥበታለን። ተነስታ ለወጣችው እህታችን ደውያለሁ፤ እመጣለሁ ብላለች። ያንን የተናገረችውም ትምጣ። ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ፣ ቡና አፍልተን፣ አሁን ዝም ሳልል ክርክሩን እንጨርሰዋለን።