ከመቁጠር በፊት ማንበብ

ወደ ሐሮ ወንጪ የሚሄድ ሰው ሐይቁ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በየጓሮው የቆመውን እንሰት ያያል። በዚህ ደጋ ቆጮ የቤት ቀለብ ነው። እንሰቱን የሚፈጀው ደግሞ አጠውልግ የተባለው በሽታ ነው። የመሃሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ የታመመውን የቆረጠ ቢላ ሳይጸዳ ጤነኛውን ከነካ በሽታው ተሻገረ ማለት ነው።

መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን ተመራማሪው ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ይኸው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ታየ፤ ከዚያም ወደ ጎረቤት አገሮች ተዛመተ። ያኔ ነው ሠላሳ ሦስት ዓመት የቆየው ጽሑፍ ከኢትዮጵያ ውጭ በብርቱ የተፈለገው። የዩኒቨርሲቲ በጀት በአምስት ዓመት ውስጥ በተገኘ ጥቅስ ብዛት ቢሰፈር ኖሮ፣ ይህ ሥራ ለባለቤቶቹ ስንት ብር ያስገኝ ነበር?

ጥያቄው የዛሬ ነው። የ2001 ዓ.ም.ም ሆነ የ2011 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጥቅል በጀትን አስበዋል፤ ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች በተልእኮ ተለይተዋል፣ አፈጻጸምን በመለኪያ ማየትም ተጀምሯል። ገንዘብ የምርምርን ጥራት ይከተል መባሉን እደግፋለሁ። በተማሪ ቁጥርና በአምናው በጀት ላይ ጥቂት እየጨመሩ መመደብ ሰነፉንም ትጉሁንም እኩል ያደርጋል። የምፈራው ግን ጥራት ተብሎ ብዛት እንዳይለካ ነው።

ደቡብ አፍሪካን እንይ። እውቅና ባለው መጽሔት ለሚወጣ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ይከፍላል። የጽሑፉ ቁጥር በእርግጥ አደገ፤ ገንዘብ ተቀብሎ ያለ በቂ ግምገማ የሚያሳትም መጽሔትም ገበያ አገኘ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ምርምርን ስትመዝን ሌላ መንገድ ይዛለች፤ የሙያ ጓዶች ሥራዎቹን ያነብባሉ። እ.ኤ.አ. በ2021ዱ ግምገማ ከነጥቡ 60 በመቶው ለጽሑፎቹ፣ 25 በመቶው ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ላስገኙት ለውጥ፣ 15 በመቶው ለምርምሩ አካባቢ ተሰጥቷል። ወጪውና ድካሙ ብዙ ነው፤ ራሳቸው እንግሊዞቹም ያማርሩበታል።

ለአምቦ ዩኒቨርሲቲ ትልቁ ቁም ነገር ያ 25 በመቶ ነው። በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው ተቋም ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ አይደለም፤ በጽሑፍ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ወይም ከጅማ ጋር ይሩጥ ቢባል ውጤቱ ከወዲሁ የታወቀ ነው። ጉደር ካምፓሱ ያለ መምህር ግን የገበሬውን ማሳ በእግሩ ይደርስበታል። ቢላን በእሳት ለብልቦ መቁረጥ በስንት ጓሮ እንደተለመደና ስንት እንሰት እንዳተረፈ አጥንቶ ቢያሳይ፣ ማንም ከማይከፍተው አሥር ጽሑፍ ይበልጥብኛል።

«አገራችን ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል፤ ንባቡ መጠቃቀሚያ ይሆናል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ቁጥር ቢያንስ ዘመድ የለውም። ቢሆንም መፍትሔው ንባቡን መተው አይደለም። ከናይሮቢና ከማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በውጭ ከሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያንም አንባቢ መጥራት ይቻላል። ከአንድ የትምህርት ክፍል አምስት ሥራ ብቻ ይቅረብ፤ ከአምስቱ አንዱ ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራ ቢሆንም ይፈቀድ።

ትምህርት ሚኒስቴር በጀቱን ከመለኪያው ጋር ከማሰሩ በፊት ይህን የንባብ ግምገማ በግብርናው ዘርፍ ብቻ፣ በትንሽ ገንዘብ፣ አምቦንም ጨምሮ ይሞክረው። የአንባቢዎቹንም አስተያየት ከነምክንያቱ ለሕዝብ ይፋ ያድርግ።